ከተማዋ የሸጠችው ቦይ

አንድ ሹም በተራራ ሥር የተቀመጠች አንዲት ትንሽ ከተማ ያስተዳድር ነበር። ስሙ አድማሱ ይባላል። በወጣትነቱ ርቆ ሄዶ ተምሯል፤ ሲመለስ ደግሞ ከተማዋን ማስተካከል የሚችል ሰው እሱ ብቻ እንደሆነ ተረድቷል። ክፉ ሰው አልነበረም። እንዲያውም በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው የለም፤ ቢኖር ኖሮ ሁላችንም በእሱ ፈርደን እንገላገል ነበር።

ከተማዋ የምትጠጣው ውሃም ሆነ የታወቀችበትን የኮክ ዛፍ የምታጠጣበት ውሃ ከተራራው ምንጭ በአንድ ረጅም ቦይ ይወርድ ነበር። ቦዩን መጀመሪያ ማን እንደቆፈረው የሚያውቅ የለም። ማን እንደሚጠግነው ግን ይታወቃል። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ «የቦይ ቀን» ይደረግና ከየቤቱ አንድ ሰው ዶማ ወይም አካፋ ይዞ ተራራ ይወጣል፤ ደለሉን ይጠርጋል፣ የፈረሰውን ይክባል። ከዚያ ውጭ አፈር ቢናድ ጥሩንባ ይነፋል፤ ጥሩንባውን የሰማ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይሄዳል። የማን ተራ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ሥራውን የሚያከፋፍሉት የቦይ አለቃው አባ ዘርጋው ነበሩ። እሳቸውም ከእሳቸው በፊት የነበሩትም አለቆች አንድ ልማድ ነበራቸው። በዓመቱ ውስጥ የተጣሉ ሰዎች ካሉ አንድ ቦታ ላይ ይመድቧቸዋል። በአጥር የተካሰሱ ጎረቤታሞች፣ በውርስ የተኳረፉ ወንድማማቾች፣ አንዱ እየቆፈረ ሌላው እየዛቀ ጎን ለጎን ይውላሉ። ጠዋት አይነጋገሩም። ረፋድ ላይ ግን ትልቅ ድንጋይ ያጋጥማል፤ ያን ጊዜ አንዱ ሳይወድ በግዱ «እስቲ በዚያ በኩል ያዝ» ይላል። ከቀትር በኋላ ይሰዳደባሉ፤ ይኼ እንደ ጥሩ ምልክት ይቆጠር ነበር። አመሻሽ ላይ ከአንድ ቅል ጠላ ጠጥተው ይወርዳሉ። ሁሉም ይታረቃል ማለት አይደለም። ግን ዳኛ ፊት የሚደርሰው ጥቂቱ ነበር።

ያም ሆኖ ቦዩን የማያማ ሰው አልነበረም። በጋ ላይ ይቀጥናል፣ ዝናብ ሲጥል ይደፈርሳል፣ ላይ ያለው ሰፈር ከድርሻው በላይ ይጠልፋል። በቦይ ቀን ጠዋት የሚታመምና በማግስቱ የሚድን ሰውም ሞልቶ ነበር። ሹሙ ራሱ በልጅነቱ አባቱ እያስገደደው ተራራ ወጥቷል። ጭቃው፣ ስድቡ፣ የሽማግሌዎቹ ማለቂያ የሌለው ምክር ሁሉ ትዝ ሲለው ፊቱን ያኮሳትራል። የሠለጠነ ከተማ ሕዝቡን ጭቃ አያስቦካም ብሎ ያምን ነበር።

አንድ ቀን ጫንያለው የሚባል ነጋዴ ወደ ሹሙ መጣ።

«ክቡር ሹም፣ አይቆጡኝና ይኼ ሁሉ ሸማኔ፣ ይኼ ሁሉ አናጢ ሥራውን ጥሎ ተራራ የሚወጣው ለምንድን ነው? ቦዩን ይሽጡልኝ። ሙያተኛ ቀጥሬ አሠራዋለሁ፤ ውሃውን እየቤቱ ደጃፍ ድረስ አደርሰዋለሁ። ሕዝቡ ትንሽ ነገር ይከፍላል፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጠጣል።»

«ብታቋርጥብንስ?»

«ውሃ ካቋረጥኩ ማን ይከፍለኛል? ከእኔ በላይ ለዚህ ውሃ የሚጨነቅ ሰው ከየት ይመጣል?»

ሹሙ ምክንያቱ ገባው፤ እኛም ብንሆን ይገባን ነበር። ሕዝቡን በገበያው አደባባይ ሰብስቦ ነገሩን ሲያስረዳ የተቃወመ አልነበረም። አባ ዘርጋው እንኳ «እግዜር ይስጥልኝ፤ ጉልበቴም አልቋል» አሉ። ሸማኔው ይትባረክ ብቻ ከኋላ ሆኖ ጮኸ፦

«ክቡር ሹም፣ ውሃው የጠፋ ቀንስ ማንን እንያዝ?»

«እኔን ያዙኝ!» አለ ሹሙ። «ከዛሬ ጀምሮ ውሃ ብታጡ ተጠያቂው እኔ ነኝ።»

ተጨበጨበለት። በሹመቱ ዘመን እንደዚያ ቀን ተጨብጭቦለት አያውቅም።

ነጋዴውም ቃሉን ጠበቀ። ቦዩን በድንጋይ አነጠፈው፣ ከብት እንዳይረግጠው አጠረው፣ የውሃ ማጠራቀሚያ ሠራ፣ በየደጃፉ ቧንቧ አቆመ። ውሃው ጠራ፤ በጋ ላይም አልቀጠነም። የቦይ ቀን ሲደርስ ሰው ሁሉ ቤቱ ዋለ። ሹሙ በሰገነቱ ቆሞ ተራራውን ሲያይ አንድም ሰው አልነበረበትም፤ ደስ አለው።

የሚቀጥሉት ዓመታት መልካም ነበሩ። አንድ ነገር ብቻ ሹሙን ግራ አጋባው። ችሎቱ ሞላ። ቀድሞ ከረፋድ በፊት የሚያልቀው የክስ ሰልፍ እስከ ምሽት ይዘልቅ ጀመር። የአጥር ክስ፣ የውርስ ክስ፣ ዶሮዬ ጓሮው ገባች፣ ሰላም ስለው ዘጋኝ።

«ይኼ ሕዝብ ምን ነካው?» አለ አንድ ቀን አባ ዘርጋውን መንገድ ላይ አግኝቶ።

«ምንም አልነካው፣ ልጄ። የዱሮው ሰው ነው» አሉ አባ ዘርጋው። «ዱሮም ይጣላ ነበር። የሚሰዳደብበት ቦታ አጥቶ ነው።»

ሹሙ ሽማግሌው እየቀለዱ መስሎት ሳቀ፤ ሄዶም ሁለተኛ ዳኛ ሾመ።

ከዚያ አንድ ዓመት በበጋው እኩሌታ፣ ኮኩ ፍሬ በሚይዝበት ሰሞን የተራራው ጎን ተናደ። ከምንጩ በታች ያለው የቦዩ ክፍል ከእነንጣፉ፣ ከእነአጥሩ ተቀበረ። የጫንያለው ሠራተኞች ቦይ ለመጥረግ በቂ ነበሩ፤ ተራራ ለማንሳት ግን አይበቁም። ነጋዴው ላብ እያጠመቀው ወደ ሹሙ ሮጠ።

«ሰው ስጡኝ፣ ክቡር ሹም! በማጠራቀሚያው ያለው ውሃ አያቆየንም። ከተማው ሙሉ ቢወጣ በጥቂት ቀን ይከፈታል።»

ሹሙ ተረጋጋ። ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። «ሕዝብ አለኝ፤ ጥሩንባው ይነፋ» አለ።

ጥሩንባው ተነፋ። ሰው ከየቤቱ ወጣ። በደጃፉ ቆሞ ወደ ተራራው አየ፣ «ውይ፣ ተንዶበታል!» አለ፤ ተመልሶም ገባ።

ሹሙ ዶማ አንግቦ በየቤቱ መዞር ጀመረ። መጀመሪያ ሸማኔው ይትባረክ ዘንድ ሄደ።

«ይትባረክ፣ ጥሩንባውን አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ እንጂ፣ ጌታዬ። ለጫንያለው አዘንኩለት።»

«ታዲያ ምን ያስቀምጥሃል? ተነስ!»

ሸማኔው መወርወሪያውን ያዝ አደረገ። «ክቡር ሹም፣ የእኔ የሽመና መቃ ቢሰበር ጫንያለው መጥቶ ይጠግንልኛል?»

«ይኼ እኮ ውሃ ነው! የምትጠጣው ውሃ!»

«የምገዛው ውሃ ነው። ሻጩ ያምጣ፤ እኔም ልክፈል። ደግሞ አይርሱ፣ ውሃ ሲጠፋ የምንይዘውን ሰው ነግረውናል» አለና መወርወሩን ቀጠለ።

የኮክ አትክልተኛዋ ወይዘሮ አሰገደች ደግሞ ዶማውን አይታ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«እሰይ! ሹሙ ዶማ ያዙ! ዛሬ ምን ጉድ ነው የሚያሳየን?»

«አሰገደች፣ ከሁሉ በፊት የሚደርቀው ያንቺ ዛፍ ነው።»

ሳቋ ጠፋ። ዛፎቿን ዞር ብላ አየች። «አውቃለሁ» አለች። «እወጣ ነበር። ግን ማን ይወጣል? ጎረቤቴ አይወጣም። እኔ የእሱን ውሃ ልቆፍርለት፣ እሱ አጥሬን ሲገፋኝ እንዳልከረመ? ብቻዬን ሞኝ መሆን አልፈልግም።»

ይህን መልስ በየደጃፉ ሰማው። ሰነፍ አልነበሩም፤ ጨካኝም አልነበሩም። እያንዳንዱ ሌላው እንደማይወጣ እርግጠኛ ነበር፤ እርግጠኛ በመሆኑም አልተሳሳተም። ከተማዋ ሙሉ በሮቿ ላይ ቆማ ማን እንደሚጀምር ትጠብቅ ነበር። በቦይ ቀን ዘመን ይኼን ማንም አስቦት አያውቅም፤ ጥሩንባው ሲነፋ እግር ከሐሳብ ይቀድም ነበርና።

በማግስቱ ናዳው ላይ የተገኙት ሹሙ፣ ነጋዴው፣ ጥቂት ቅጥር ሠራተኞችና ዱላ የያዙ አባ ዘርጋው ብቻ ነበሩ። ሹሙና ነጋዴው ጎን ለጎን ቆፈሩ።

«ቃል ገብተህልኝ ነበር» አለ ሹሙ።

«እርስዎስ?» አለ ነጋዴው። «ሕዝብ አለኝ ብለውኝ አልነበረም?»

«ግፉበት» አሉ አባ ዘርጋው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው። «ሁለታችሁን አንድ ላይ የመደበ አለቃ ሥራውን ያውቃል።»

ሳቁ። ናዳው ግን በሳቅ አልተነሳም። ጫንያለው ከሩቅ አገር የቀን ሠራተኛ እስኪያስመጣ ማጠራቀሚያው ደረቀ። ሰው ቆላ ወርዶ ከወንዝ በአህያ መቅዳት ያዘ። ዛፍን ግን በአህያ አያጠጡትም። ውሃው በተመለሰ ጊዜ የከተማዋ ኮክ አብዛኛው ማገዶ ሆኖ ነበር። አባ ዘርጋውም በዚያው ዓመት አረፉ፤ ሹሙም «እኔን ያዙኝ» ያለውን ቃል ማንም ዳግም እስኪያስታውሰው አልጠበቀም። በገበያው አደባባይ ቆሞ «አጠፋሁ» አለ። ያን ዕለት የሰደበው የለም፤ ያጨበጨበለትም የለም። ሰው ሰምቶት ወደ ገበያው ተመለሰ።

ሹሙ ጥፋቱን ለማረም ቆረጠ። መሬቱን ሸጠ፣ ከንጉሡ ገንዘብ ለመነ፣ ቦዩንም ከጫንያለው መልሶ ለከተማው ገዛ። ነጋዴው በናዳው ተማርሮ ስለነበር አልተከራከረውም። አዋጅ ተነገረ፦ ቦዩ እንደ ዱሮው የሁላችሁ ነው፤ የቦይ ቀን ይመለሳል።

ቀኑ ደረሰ። ሹሙ ማልዶ ተራራ ወጣ። ለሚመጣው ሰው እንዲበቃ ብዙ ዶማና አካፋ አስደርድሮ፣ ብዙ ጠላ አስጠምቆ ነበር። ፀሐይ ወጣች። ጥቂት ሽማግሌዎች እያነከሱ መጡ፤ ዳገቱን ወጥተው ሲጨርሱ ደክሟቸው ተቀመጡ። አንድ ጎረምሳ መጣ፤ የተደረደረውን ዶማ አየና በትሕትና ጠየቀ፦

«ጌታዬ፣ የቀኑ ስንት ነው?»

«ክፍያ የለውም፣ ልጄ። ቦዩ የራስህ ነው።»

ጎረምሳው አልተሳለቀም። ከልቡ ሊረዳ እየሞከረ ሹሙን አየው። «የራሴ ከሆነ የት ልሸጠው እችላለሁ?» አለ።

ሹሙ ከተደረደረው አንድ ዶማ አንስቶ ዘረጋለት። ጎረምሳው እጅ ነስቶ ወረደ።

ቆየት ብሎ ጫንያለው ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ ዳገቱን ወጣ።

«አንተ ምን ልትሠራ መጣህ?» አለው ሹሙ። «ቦዩ ካንተ ወጥቷል እኮ።»

«እኔ እንጃ» አለ ነጋዴው። «ከርሜ ከርሜ የእኔ መስሎኛል።»

ወገኖቼ፣ ይህ ታሪክ ነጋዴ አይታመንም ለማለት አልተነገረም። ጫንያለው ያነጠፈውን ያህል ቦይ ከተማዋ በራሷ አንጥፋ አታውቅም። አንዳንድ ሥራ ለአንድ ሰው ሲሰጥ በእርግጥ ያምራል። ሹሙ የተሳሳተው ሒሳቡ ላይ አልነበረም። ቦዩ ለከተማዋ ምን እንደሚሰጥ በደንብ መርምሯል፤ ከተማዋን ምን እንዳደረጋት ግን አልጠየቀም። ቦዩ ውሃ ብቻ አላወረደም። እርስ በርሱ የማይዋደድን ሰው በዓመት አንድ ቀን ጎረቤት አድርጎ ይሠራው ነበር። ለዚህኛው ሥራው ዋጋ ያወጣለት አልነበረም፤ ስለዚህም በነጻ አብሮ ሄደ። ንብረቱ በአዋጅ ተመለሰ፤ «የእኔ ነው» ብሎ ሳይጠሩት የሚወጣ ሰው ግን በአዋጅ አይመለስም።

እስቲ እናንተም ባላችሁበት ከተማ፣ ማንም ሳይከፍላችሁ ዛሬም ወጥታችሁ የምትሠሩት የጋራ ነገር የቀረ አለ? ካለ፣ አንድ ቀን ከእናንተ ሊገዛው የሚመጣው ሰው ቅን፣ ታታሪና ትክክለኛ ሰው ሊሆን እንደሚችል አስቡበት። ያን ጊዜ ምን ብላችሁ ትመልሱለታላችሁ?