ሰንሰለቱ፣ መለኪያውና የተቆረጠው እጅ

በአንድ ወቅት፣ ከወንዝ ማዶ ባለች መንደር፣ ጓዴ የሚባል ጠጪ ነበር። ሳይጠጣ ዝንብ እሽ አይልም፤ ከጠጣ ግን ሽመሉ የሰው አጥንት ካልሰበረ አያርፍም። የጎረቤቱን የደርበውን መንጋጋ ሰርግ ላይ አድቅቆት፣ ደርበው ከዚያ ወዲህ ገንፎ እንጂ ቆሎ አያውቅም።

የጓዴ እናት ልትሞት ስትል ሌሎቹን ሦስት ልጆቿን ጠራች። «ጓዴን አረቄ ሊገድልብኝ ነው። ከሞት ያተረፈልኝ የመስኖ ማሳዬን ይውረስ» ብላ ዐይኗን ከደነች።

ማሳውን እንደ እህታቸው እንደ አንጓች የፈለገው የለም። ባሏ አባሯት፣ በወንድሞቿ ጓሮ ተጠግታ አረቄ እያወጣች ነው የምትኖር፤ ጭሱ ዐይኗን ጨርሶታል።

ታላቅየው ሰጠኝ ቀልድ አያውቅም። የእህቱን ጋኖች በመጥረቢያ ሰባበረ፤ ጓዴንም ጠልፎ ጥሎ ከምሰሶ ጋር በሰንሰለት ጠፈረው። በማግስቱ የጓዴ የመጠጥ ጓደኞች ገበያ ላይ በካራ ተወጋጉ። ሁለቱ እዚያው ቀሩ፤ አንጀታቸውን በጋቢ ቋጥረው ነው ያመጧቸው።

«አያችሁ? ሦስተኛው እሱ ይሆን ነበር» አለ ሰጠኝ።

ግን የታሰረው ሰው አረቄው ሲቀርበት መንቀጥቀጥ ጀመረ። ግድግዳው እባብ ሆነበት። ምላሱን ነክሶ ደም እየደፈቀ ተንፈራገጠ። ሰጠኝ «ሰይጣኑ እየወጣ ነው፣ ማንም እንዳይጠጋ!» ብሎ በሩ ላይ ቆመ። አንጓች ቡጢውን ተቀብላ ገባች፤ ጥርሷ ወለቀ። ጓዴ ነፍስ ሲዘራ ቀና አደረገችውና ከብብቷ የደበቀቻትን አረቄ በጠብታ አጠጣችው። መንቀጥቀጡ በረደ።

ከዚያ ወዲያ ከሰንሰለቱ ፈታችውና ሕግ አወጣችለት፦ «ሽመልህን ከደጅ፤ ንፍሮህን መጀመሪያ፤ መለኪያህን ከእጄ። ጠጥተህም እዚሁ ትተኛለህ።» መለኪያውም ከሳምንት ሳምንት እየጎደለ ሄደ። የመንደር አፍ መቼ ያርፋል! «ወንድሟን አረቄ የምትግት!» አሏት። ይበሉ፤ ጓዴ ግን ሞፈር ጨበጠ።

ደርበው ቂሙን አልረሳም። ጓዴ ሽመሉን ከደጅ ጥሎ ባዶ እጁን ሲገባ ጠበቀና መጥረቢያ ይዞ ዘለለበት። መካከለኛው ወንድም ዋሴ፣ ስለ መጠጡ ክፉም ደግም ተናግሮ የማያውቀው፣ በክንዱ ጋረደው። እጁ ተቆርጦ ንፍሮው ላይ ወደቀ። በቀረችው እጁ ደርበውን አንቆ ሰው እስኪደርስ ያዘው።

ለማሳው ሽማግሎች ተቀመጡ።

«እኔ ባላስረው ገበያ ላይ ይታረድ ነበር» አለ ሰጠኝ።

«ሰንሰለትህ ላይ ይሞት ነበር እንጂ!» አለች አንጓች።

«ባዶ እጁን ለመጥረቢያ የሰጠሽው አንቺ አይደለሽ?»

ዋሴ የተቆረጠ ክንዱን ብቻ ከፍ አደረገ።

ሽማግሎቹ ግራ ቢገባቸው «እንግዲያው ጓዴ፣ አንተ ፍረድ» አሉ።

ጓዴ የእህቱን የአረቄ ጠርሙስ አየ። «አባቶቼ፣ የዛሬዋን መለኪያ ሳልቀምስ ምን አፍ አለኝ?»

አንጓች ጠርሙሷን አነሳች። ሰጠኝ ሰንሰለቱን አነሳ። ዋሴ ባለችው አንድ እጁ መሃላቸው ገባ።

እናንተ ሰሚዎች፣ «እኛ እዚያ አልነበርን» ብላችሁ አታመልጡም፤ ማሳው ለማን ይገባል?