ቅርንፉድ የሸተተ ከንፈር

በእኛ አገር ሰው ዕቃ ለመግዛት አንስቶ ወደ አፍንጫው ባስጠጋ ቁጥር የሚባል አንድ አባባል አለ። ብዙ ጊዜ በሳቅ ነው የሚባለው። ባለፈው ኅዳር፣ ነፋሱ ሲጀምር፣ የእህቴ ልጅ መድኃኒት ቤት ቆማ የከንፈር ቅባቶችን አንድ በአንድ እየከፈተች ታሸት ነበር፤ እንጆሪ፣ ብርቱካን፣ ከረሜላ። ከኋላዋ የቆሙ ሴትዮ ያንኑ አባባል ጣል አደረጉባት። የቆመው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። አባባሉ የተወለደ ዕለት የሳቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም የሰው ማሳ የቀማ ሰው ነው።

ይርገዱ የአባቴ አክስት ነበረች። አገሯ ጉላሽ ከሸንተረር ጫፍ ላይ የተቀመጠ መንደር ነው፤ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ነፋስ አይለየውም። የጉላሽ ሰው ከንፈሩ ይሰነጠቃል፣ ይላጣል፣ በሳቀ ቁጥር ይደማል። እዚያ ሰው ሲስቅ አፉን በነጠላው ቢይዝ አፍሮ አይምሰላችሁ።

ይርገዱ የከንፈር ቅባት ትሠራ ነበር። ቅቤና የተጣራ ሰም ለዘብ ባለ እሳት ታቀልጥና ትንሽ የበግ ላት ትጨምርበታለች። ለክረምት ቅቤውን ታበዛለች፤ ለበጋ ሰሙን። «ቅቤ ብቻውን ነፋስ አይመልስም፣ ሰም ብቻውን ከንፈር አያርስም» ትላለች። አቀባቡም ሥርዓት ነበረው። መጀመሪያ ከንፈርን በውሃ ማርጠብ፣ ውሃው ሳይደርቅ ከላይ መቀባት፣ ከዚያ በምላስ አለመንካት። በፍየል ቀንድ አድርጋ አፉን በእንጨት ትወትፈዋለች። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረበት፤ በግ በግ ይሸታል። ይህን እሷም አትክድም።

ባሏ በሞተ በዓመቱ የባሏ ወንድም ግዛቸው በሬዎቹን ነድቶ ከወንዝ ዳር ያለው ማሳዋ ገባ። «ወንድሜ ያረሰውን እኔ ባርስ ምን አለበት?» አለ። ይርገዱ ሁለት ልጆች አሏት፤ ሌላ ማሳ የላትም። ለሽማግሌዎች ከሰሰች።

የጉላሽ ሽማግሌዎች በአባ ቸሬ ሰብሳቢነት ለመሬት ነገር የሚቀመጡት በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ በጥር፣ አውድማው ሁሉ ከተነሣ በኋላ፣ ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር። ያ ሾላ ደም የተቃቡ ሰዎች የሚታረቁበት ነው። ስለዚህ ከጥላው ሥር የሰው ደም ጠብ እንዲል አይፈቀድም። ነስር ይሁን፣ እሾህ የወጋው እግር ይሁን፣ የደማ ሰው ከጥላው ይወጣል፤ ነገሩም ለመጪው ጥር ይቀጠራል። እስከዚያ ድረስ መሬቱን የያዘ ይዞ ይቆያል። ይህን ሕግ በጉላሽ ሕፃን ያውቀዋል።

ይርገዱ ስትቆጣ ቃል ይጠፋት ነበር። ጥርሷን ነክሳ ትቀራለች። ስለዚህ የአክስቷን ልጅ ቢተውን «አፍ ሁነኝ» ብላ ለመነችው። ቢተው ሲናገር ለመስማት ከሦስት መንደር ሰው ይመጣል። እሺ አላት። ሸንጎው ሊቀመጥ ስምንት ቀን ሲቀረው ቤቱ ድረስ ሄዳ ለበጋ የሠራችውን ቀንድ ሰጠችው።

«እንካ፣ ወንድሜ። ጠዋትና ማታ ከንፈርህን አርጥበህ ቀባው። ነፋሱ ዘንድሮ ጠንክሯል።»

ቢተው ውታፉን ነቅሎ አሸተተና ፊቱን አዞረ።

«ይርጌ፣ ይሄ እኮ በግ ነው!»

«በግ ከንፈሩ ተሰንጥቆ አይተህ ታውቃለህ?»

«አባ ቸሬ ፊት ቆሜ ስናገር ‹ሙክቱ መጣ› ይበሉኝ?»

«ይበሉህ። ሙክት ብለውህ ማሳዬ ይመለስ።»

ሳቀና ቀንዱን ተቀበለ። እሷ ያየችው መቀበሉን ነው። ማየት የነበረባት ሳቁን ነበር።

በነጋታው ቅዳሜ ቢተው ገበያ ወጣ። አንድ ከሩቅ ከተማ የመጣ ነጋዴ ትንንሽ ቀይ ቆርቆሮዎች ደርድሮ ተቀምጧል። ቢተው አንዱን ከፍቶ አሸተተ። ዓይኑን ጨፈነ።

«ምን አለበት?»

«ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ ለጣዕሙ ትንሽ ማር። የከተማ ሰው ሌላ አይቀባም፣ ጌታው።»

በጣቱ ነካ አድርጎ ቀባ። መጀመሪያ ቀዘቀዘው፤ ቀጥሎ ነዘረው።

«ያቃጥላል እኮ!»

«መድኃኒት ሳያቃጥል ይሠራል? ካቃጠለህ እየሠራ ነው።»

«ለምን ያህል ጊዜ ያገለግላል?»

«ሽታው እስኪያልቅ።»

ቢተው ይህችን መልስ ደግሞ ቢያስባት ኖሮ እኔ ዛሬ የምጽፈው አይኖረኝም ነበር። አላሰባትም። በእጁ ገንዘብ ስላልነበረ ነጋዴው የያዘውን ጠየቀው፤ ቢተው የይርገዱን ቀንድ አወጣ። ነጋዴው ውታፉን ነቀለ፣ አሸተተ፣ እዚያው ከከንፈሩ ላይ ቀባው። የነጋዴው ከንፈር ከዳር እስከ ዳር የተሰነጠቀ ነበር። ቀይ ቆርቆሮ ደርድሮ የሚሸጥ ሰው፣ የራሱን ከንፈር በይርገዱ ቅባት ሲያክም ቢተው ፊት ለፊት ቆሞ አይቷል። አይቶም ልዋጩን አላፈረሰም። ቆርቆሮዋን በብብቱ ሸጉጦ ሄደ።

ማሩ ጣፈጠው፤ ላሰው። ሲልሰው ደረቀ፤ ደገመና ቀባ። ሲቀባው ቅርንፉዱ ነዘረው፤ እንደገና ላሰ። በሦስተኛው ቀን የላይኛው ከንፈሩ ተላጠ። በአምስተኛው ቀን የታችኛው ቀላ። ቢተው ያነሰው መስሎት አበዛው። መንገድ ላይ የሚያገኙት ሰዎች «ቅርንፉድ ቅርንፉድ ትላለህ፣ ሙሽራ ሆንክ እንዴ?» ሲሉት ደስ ይለዋል። ይርገዱ ያንን ሳምንት ጤፍ ልትዘራበት ለምታስበው ማሳ ዘር ስትለቅም ነው የቆየችው። ወደ ቢተው ቤት ተመልሳ አልሄደችም። ሰው አምና ነበር።

የሸንጎው ዕለት ነፋሱ ከማለዳ ጀምሮ ይጮህ ነበር። ሽማግሌዎቹ ከሾላው ሥር ተቀመጡ፤ አባ ቸሬ መካከል። ግዛቸው አስቀድሞ ተናገረ፤ አጭር ነበር። ከዚያ ቢተው ነጭ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ዘንጉን ይዞ ተነሣ።

እውነቱን ለመናገር፣ ቢተው ያን ቀን እንደ ተናገረው በጉላሽ ተናግሮ የሚያውቅ አልነበረም ይባላል።

«አባቶቼ! ማሳ ነጠላ አይደለም፤ ከሟች ትከሻ ሲወርድ ቅርብ የቆመ ሰው አይለብሰውም። ማሳ ጡት ነው። የሚጠባ ልጅ እያለ አጎት አፉን አያስጠጋም!»

ሰዉ አጉረመረመ። ግዛቸው አንገቱን ደፋ። አባ ቸሬ ወደ ፊት ዘንበል አሉ። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። የይርገዱ ባል ድንበሩን ሲያስቀምጥ አብሮት የነበረው ሽማግሌ ከሕዝቡ ኋላ ቆሟል፤ እሱን በስሙ መጥራት። ቢተው ድምፁ በነፋሱ ላይ እንዲሰማ አፉን በሰፊው ከፈተ።

የታችኛው ከንፈሩ ከመካከሉ ተተረተረ።

እንደ ለመደው ላሰው። ደሙ በአገጩ ወርዶ ነጩን ጋቢ ነካ፤ ከጋቢው ደግሞ አንዲት ጠብታ ወርዳ ከሾላው ሥር ላይ አረፈች።

«ደም!» አለ ግዛቸው። አፉን በነጠላው ይዞ ሳቀ።

ሌላ ማንም አልሳቀም። አባ ቸሬ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ይርገዱ ከሴቶቹ መካከል ዘላ ወጣች።

«አባቴ፣ ይሄ የጠብ ደም አይደለም! የከንፈር ደም ነው!»

«ልጄ፣ ደም ደም ነው። ዛሬ ከንፈርን ብንፈቅድ ነገ አፍንጫን እንፈቅዳለን፤ ከነገ ወዲያ ቢላዋን።»

«ማሳዬስ?»

«የያዘ ይዞ ይቆያል። እስከ መጪው ጥር።»

ግዛቸው ተነሥቶ ልብሱን አራገፈ። «እንግዲህ ዘንድሮም ዘርቼ አጥሬ ልጠብቅልሽ፣ የወንድሜ ሚስት» አለና ቁልቁል ወደ ወንዙ ወረደ።

ቢተው ከጥላው ወጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ በጋቢው ጫፍ ከንፈሩን ተጭኖ። ይርገዱ ከላዩ ቆመች።

«ነፋሱ ነው፣ ይርጌ። ነፋሱ ጎዳኝ።»

«ነፋሱ ለኔም ነፍሷል! እይ ከንፈሬን፣ ተሰንጥቋል? ቀንዱ የታለ?»

የጋቢውን ጫፍ ገልብጦ ከንፈሩን እንደገና ተጫነ።

«ቀንዱ የታለ አልኩህ!»

እጁን ከብብቱ ከትቶ ቀይዋን ቆርቆሮ አወጣ። «ይሄም ለከንፈር ነው… የከተማ ሰው ሁሉ…»

«የከተማ ሰው ልጆቼን ያበላል?»

ስትቆጣ ቃል የሚጠፋት ሴት ያን ቀን አንድም ቃል አልጠፋትም። የነበሩት ሁሉ የሚመሰክሩት ይህንን ነው። ቃሉ ተራ በተራ፣ ሳይጮህ፣ ሳይሰበር ወጣ።

«እንዲሰሙህ ላክሁህ፤ እንዲያሸቱህ ሄድክ። እኔ በግ በግ ብሸት ማን ሞተ? ስምንት ቀን በግ ሸትተህ ብትቆይ ምን ይቀነስብህ ነበር? የሰጠሁህ ቅባት አልነበረም፣ ቢተው። የልጆቼን እህል ነው የሰጠሁህ። አሽትተህ ለወጥከው።»

«ይቅር በይኝ፣ እህቴ።»

«ከንፈርህ ሲድን ጠይቀኝ። አሁን አፍህን አትክፈት፤ ይደማል።»

ይህ ሁሉ በመድኃኒት ቤት ሰልፍ ላይ ለሚስቅ ሰው አይነገርም። በዚያ ዓመት ግዛቸው ጤፉን ዘርቶ አጨደ፤ ጎተራውን ሞላ። የይርገዱ ትንሹ ልጅ የሚበላው ስለሌለ ዓመቱን ሙሉ ሁለት ቀን በሚያስኬድ አገር ዘመድ ቤት ተቀመጠ፤ ሲመለስ እናቱን «እትዬ» ብሎ ጠራት። በመጪው ጥር ዘንጉን የያዘችው ይርገዱ ራሷ ነበረች። ከንፈሯ በግ እየሸተተ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ተናገረች፤ ግዛቸውም በሬዎቹን ነድቶ ከማሳው ወጣ። ማሳው ተመለሰ። ያ ዓመት ግን አልተመለሰም፤ ልጁም እስኪያድግ ድረስ አንዳንዴ «እትዬ» ይላት ነበር።

አባባሉ ግን የተወለደው ይርገዱ ያሸነፈች ዕለት አይደለም። ከዓመት በፊት፣ ቢተው ከድንጋዩ ላይ እንደ ተቀመጠ ነው። አባ ቸሬ በምርኩዛቸው ተደግፈው ከሾላው ጥላ ወጡና እጃቸውን ዘረጉ። ቢተው ቆርቆሮዋን ሰጣቸው። ከፈቱና ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። ሰባት ቀን ሙሉ ተቀብቶ፣ ተልሶ፣ ተሟጦ አልቋል። በጣታቸው ጠርገው እንደገና አሸተቱ። የተረፈው የቆርቆሮ ሽታ ብቻ ነው። ቁልቁል ተመለከቱ፤ ግዛቸው ማሳው ውስጥ ገብቶ በእግሩ ይለካል። የይርገዱን ፊት አዩ። የቢተውን ከንፈር አዩ። እኒያ ለስላሳ ሽማግሌ ተቆጥተው ቆርቆሮዋን ከድነው መለሱለትና፣ ዞረው ለቆመው ሕዝብ ሁሉ እንዲሰማ እንዲህ አሉ፦ «ሽታው ሄደ፣ ስንጥቁ ቀረ።»