የግራር አፋፍ ጥሩምባ

በግራር አፋፍ ስለ ኅብረት ወሬ በተነሣ ቁጥር ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጣል የሚያደርጋት ተረት አለች። እንግዳ ሰው ሲሰማት ግራ ይገባዋል። ነገሩ የመጣው ከአንድ ወንበር ነው።

ግራር አፋፍና ገበያ ዳር ያሉባቸው አምስት መንደሮች እድሮቻቸውን በአንድ ኅብረት አስተባብረው ይኖሩ ነበር፤ የኅብረቱ ሊቀ መንበርና ጸሐፊ የገበያ ዳር ሰዎች ነበሩ። የአንዱ ድንኳን ቢቀደድ ሌላው ያውሰዋል፤ በአንዱ ሰው ቢሞት የአምስቱም ሰው ይወጣል። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ የራሱ ዳኛ፣ የራሱ ደንብ፣ የራሱም ጥሩምባ ነበረው። የግራር አፋፍን ጥሩምባ ሃያ ዓመት የነፋው ጋሽ እርገጤ ነው። ጥሩምባው የአጋዘን ቀንድ ስለሆነ እንዳይሰነጠቅ በየሳምንቱ ቅቤ ይቀባዋል። ሚስቱም «እኔን እንዲህ ብትቀባኝ ኖሮ እስካሁን ልጃገረድ ነበርኩ» ትለዋለች።

የግራር አፋፍ እድር ዳኛ አቶ ድልነሳ ክብር ይወዳል፤ የገበያ ዳር መንደር ሰዎችም ይህን ያውቃሉ። አንድ ቀን የሌሎቹን አራት መንደሮች ዳኞች ጠርተው፣ ጥሩምባውን ላስረከበና የሞት ጥሪውን ሁሉ ለእነሱ ለተወ ዳኛ ክንድ ማሳረፊያ ያለው ወንበር እንደሚሸልሙ ነገሯቸው። ሌሎቹ «እናስብበት» ብለው ሄዱ። ድልነሳ ወንበሩን አሸክሞ መጣ።

የመንደሩን ሰው ሰብስቦ «አሜሪካኖችን አታዩም?» አለ። «ሃምሳ አገር አንድ ሆኖ ነው ዓለምን ያንቀጠቀጠው! እኛ በቀንድ እንከራከራለን?»

ልጃቸው መምህር የሆነላቸው እትዬ ወርቅያንስ ተነሡ። «ልጄ እንዳስረዳኝ፣ ሃምሳዎቹ ሁሉ የየራሳቸው ገዢ፣ የየራሳቸው ዳኛ፣ የየራሳቸው ሕግ አላቸው። እጅ ለእጅ ተያያዙ እንጂ አፋቸውን ለአንዱ አላስረከቡም።»

«እርስዎ አሜሪካን የት ያውቋታል?»

«አንተስ? ወንበሩ ላይ ስትወጣ ታየችህ?»

ሰው ሳቀ። ሳቀና ደግሞ ዳኛውን ላለማስቀየም እጁን አወጣ። ጋሽ እርገጤ ቀንዱን በነጠላ ጠቅልሎ አስረከበ።

ሦስት ወር ሳይሞላ፣ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ የድልነሳ እናት አረፉ። ድልነሳ ወደ ጋሽ እርገጤ ቤት ሮጠ።

«ጋሽ እርገጤ፣ ንፋ እንጂ!»

«በምኔ ልንፋ ጌታዬ? በእጄ?»

ሁለቱም ቁልቁል ወደ ገበያ ዳር ወረዱ። የኅብረቱ ጸሐፊ ቁርሱን እየበላ ነበር።

«ነፍሳቸውን ይማር። ማመልከቻ ይዛችኋል?»

«የምን ማመልከቻ? እናቴ ናት እኮ!»

«የሁላችንም እናት ናቸው። ግን ሊቀ መንበሩ ሳይፈርም ጥሩምባ ከሣጥን አይወጣም። እሱ ደግሞ ለሠርግ ወንዝ ማዶ ሄዷል።»

ጋሽ እርገጤ በሣጥኑ ቀዳዳ አጮልቆ ቀንዱን አየው። የቀባው የለም፤ ደርቆ ተሰንጥቋል። ዓይኑ እንባ ሞላና «ቤት ለቤት ዞሬ ልጥራ» አለ።

ጸሐፊው እጁን ጠርጎ ጥሩምባው ሲረከብ የተፈረመውን ደንብ አወጣና አነበበ፦ «ያለ ገበያ ዳር ጥሪ ለግራር አፋፍ ቀብር የጠራም ሆነ የወጣ ከእድር ይሰረዛል።» ከዚያ ጣቱን ወረቀቱ ላይ ቀሰረ። «ይህ ፊርማ የማን ነው?»

ፊርማው የድልነሳ ነበር። ያምራልም፤ እንደ ፈረስ ጭራ ረጅም ጭራ ነበረው።

ተስፋ ቆርጠው ዳገቱን ሲወጡ ከጎረቤት መንደር ጥሩምባ ተነፋ። እዚያም አንድ ገበሬ ሞቶ ነበር። የግራር አፋፍ ሰው አካፋና ዶማውን ይዞ እየተግተለተለ ሲያልፋቸው ድልነሳ መንገድ ዳር ቆሞ ያያል። ገበሬው ቀትር ሳይሆን ተቀበረ።

ሊቀ መንበሩ ጠጅ ጠጅ እየሸተተ የፈረመው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። መቃብር አልተቆፈረም፤ ቄሱም «እንግዲህ ነገ ነው» ብለው ሄደዋል።

ድልነሳ በእናቱ ራስጌ ተደፍቶ ሲያለቅስ፣ ከጎረቤት ቀብር የተመለሱት እትዬ ወርቅያንስ ገቡ። ወንበሩን ከግድግዳው ሥር ጎትተው ሬሳው አጠገብ አስቀመጡለት።

«በል ተቀመጥ፤ ክንድህንም አሳርፍ» አሉት። «ጥሩምባውን ያስረከበ ሬሳውን ያሳድራል።»