ከሣሩ በላይ የታየው ጎፈር

አንድ ጊዜ፣ «የቤቱን ምግብ የሚያመጣው ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ በሌለበት ሰፊ ሜዳ፣ አያ አንበሶና እመት አንበሲት ከሁለት ደቦሎቻቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ከደቦሎቹ አንዷ ሴት፣ አንዱ ወንድ ነው። እመት አንበሲት ሣር ለሣር እየተሳበች ታድናለች። አያ አንበሶ ደግሞ ከዋሻው ደጃፍ ተቀምጦ ልጆቹን ይጠብቃል፤ ጅብ ዝር ሲል አንድ ጊዜ ያገሳል፣ ጅብም ሰፈር ይለቃል። ልጆቹ ጎፈሩ ላይ ይወጣሉ፣ ጭራውን ይነክሳሉ። እሱም ደስ ይለው ነበር።

ነገሩን ያበላሸችው ቀበሮ ናት። ያ ሞቃት ዋሻ ካማራት ቆይቷል። አያ ጅቦን ጠራችና «አንበሶቹ አገር ጥለው ከሄዱ ዋሻው ለእኔ፣ አጥንቱ በሙሉ ላንተ» አለችው።

እነሱ ከሄዱ አጥንቱን ማን ይተዋል ብሎ መጠየቅ ነበረበት። ግን ጅብ ነው፤ አጥንት ከተባለ በኋላ ሌላ ነገር አይሰማም።

በማግስቱ እመት አንበሲት አደን እንደወጣች ቀበሮ ከች አለች።

«ጌታዬ፣ እንደምን አደሩ? እመቤቴ የሉም እንዴ?»

«አደን ሄዳለች።»

«አሁንም የሚያድኑት እሳቸው ናቸው?» አለችና አንገቷን ደፋች። «እኔ እንኳ ምንም አልል። አገሩ ግን ያወራል። ‹የአራዊት ንጉሥ ሚስቱ እያበላችው እሱ ልጅ ያጫውታል› ይላሉ።»

አያ አንበሶ አፈረ። ሴቷ ደቦል ጭራውን ስትነክሰው ሰብስቦ ከሥሩ ደበቀው። እመት አንበሲት ሚዳቋ እየጎተተች ስትገባ ገና ላቧ ሳይደርቅ «ከነገ ጀምሮ የማድነው እኔ ነኝ። አንቺ ቤት ትቀመጫለሽ» አላት።

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። አገሩ ምን ይላል?»

«አገሩ ልጆቻችንን ያበላል እንዴ?»

ዞሮ ተኛ።

ሲነጋ አያ አንበሶ ሣሩ ውስጥ አደባ። ሣሩ ሆዱንና ጀርባውን ደበቀለት፤ ያን ሁሉ ጎፈር ግን ማን ይደብቀው? ሣር ከሚግጡት ቆርኬዎች አንዷ ቀና አለችና ጓደኛዋን «ያ ቁጥቋጦ ትናንት እዚያ ነበር?» አለቻት። ሁለቱም መልሱን አልጠበቁም፤ እግሬ አውጪኝ አሉ። አያ አንበሶ ተናዶ አገሳ። ይሄኔ እሱን ያላዩት እንኳ ሰሙትና ሜዳው ባዶ ቀረ። በሌላ ቀን ጎፈሩን ጭቃ መርጎ መጣ። ጭቃው ሲደርቅ አፍንጫው ውስጥ እየበነነ ገባ፣ እሱም ልክ ሊዘል ሲል አስነጠሰው።

ቤት ውስጥም ነገሩ አላማረም። የእመት አንበሲት ድምፅ እንደ ባሏ አያስተጋባምና አያ ጅቦ አልሸሽም አለ። እየሮጠች ታባርረዋለች፣ በዚያ በኩል ዞሮ ይመጣል። እሷ ደከመች፣ ልጆቹም በረሃብ ከሱ።

አንድ ቀን አያ አንበሶ ባዶ እጁን ገብቶ ሴቷ ደቦል አጠገብ ተኛ። ጭራውን ራሱ ፊቷ ላይ አኖረላት። ዓይኗን ገልጣ አየችው እንጂ አልነከሰችውም። ያን ጊዜ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። «ጎፈሬ ያሳብቅብኛል፣ ድምፄ ሁሉንም ያባርራቸዋል።»

«ወዴት ነው የሚያባርራቸው?» አለች እመት አንበሲት።

«እንዴት ወዴት?»

«ስታገሳ ወዴት ይሮጣሉ?»

አሰበ። «ሁልጊዜ ወደ ወንዙ።»

«እንግዲያው እኔ ነገ ወንዙ ዳር ሣር ውስጥ ነኝ። አንተ ምንም አትደበቅ። ልጆቹም ካንተ ጋር ከሜዳው ዳር ያለው ጉብታ ላይ ሆነው ሥራችንን ይዩ።»

በማግስቱ አያ አንበሶ ጎፈሩን አራግፎ ጉብታው ላይ ቆመ፣ ባለ በሌለ ኃይሉም አገሳ። ቆርኬዎቹ ወደ ወንዙ ተመሙ። ከሣሩ መካከል እመት አንበሲት ተወርውራ የሰባውን ያዘች። ልጆቹ ከአባታቸው አጠገብ ሆነው በደስታ ጮኹ።

ግዳያቸውን እየጎተቱ ሲመለሱ ዋሻቸው ባለቤት አግኝቶ ነበር። ቀበሮ ባዶ ሆኖ ስታየው ለቀው የሄዱ መስሏት ገብታ ተጋድማለች፤ አያ ጅቦም ተከትሏት ገብቷል። ኮቴያቸው ሲሰማት ጥግ ይዛ ትንፋሿን ዋጠች። አያ ጅቦ ግን ሥጋው ሸተተውና ዘሎ ወጣ።

«አጥንቴ መጣ! ‹አንበሶቹ ከሄዱ አጥንቱ ያንተ ነው› ብላኛለች» አለ።

«ማን ናት ያለችህ?» አለ አያ አንበሶ።

«ቀበሮ ናታ። ይቺውና፣ ከውስጥ ተደብቃለች።»

ቀበሮ ጭራዋን በእግሯ መካከል ከትታ ወጣች። «ጌታዬ፣ እኔ እኮ አገሩ የሚለውን ብቻ ነው…»

«አገሩ ልጆቼን ያበላል እንዴ?» አለና አገሳ። ቀበሮና ጅብ ማን ይቅደም ሳይባባሉ ጠፉ። እመት አንበሲት የራሷን ቃል ከባሏ አፍ ስትሰማ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ሥጋው ዞረች።

የዚያን ዕለት ራት ላይ ወሬው አላለቀም። እሷ የቆርኬዎቹን ድንጋጤ ስታወራ፣ እሱ የጭቃውን ነገር አንድም ሳይደብቅ ነገራት፤ እስኪያማቸው ሳቁ። ልጆቹም ሲጠግቡ አደን አደን መጫወት ጀመሩ። ወንዱ ደቦል መሬት ለመሬት እየተሳበ አደባ፤ ሴቷ ከዋሻው ደጃፍ ያለ ጉብታ ላይ ወጥታ በቀጭን ድምፅዋ አገሳች።

አያ አንበሶ «ኧረ ልጆች፣ ተገላቢጦሽ ነው፤ የሚያገሳው እኮ ወንዱ…» ብሎ ሊያርማቸው ሲጀምር ሴቷ ደቦል ከጉብታው ወርዳ ጭራውን ጥርቅም አድርጋ ነከሰችው። ቃሉን ዋጠና ጭራውን ዘርግቶላት ተኛ።

ከዚህ የምንማረው፣ ባልና ሚስት አገር ምን ይለናል ሳይሉ እያንዳንዳቸው የሚችሉትን ይዘው አብረው ሲሠሩ ልጆቻቸው ከሥጋው ብቻ ሳይሆን ከሳቁም እንደሚጠግቡ ነው።