ዱካው አልቆም ያላት ውርንጭላ

አንድ ጊዜ፣ በጋ በገባ ቁጥር ሣሩ ከወንዙ ወዲህ ደርቆ ከወንዙ ወዲያ በሚለመልምበት ቆላ፣ አንጓች የምትባል ውርንጭላ ትኖር ነበር። የአገሩ ንጉሥ አያ አንበሶ ያጸናው ሕግ፣ በአሸዋ ላይ ዱካ ማንበብ ያልቻለ ልጅ ወንዙን እንዳይሻገር ይከለክላል። የጅብን መምጣት ከመሄዱ ያልለየ፣ መሻገሪያው ላይ ራት ሆኖ ይቀራልና ሕጉ ለክፋት የወጣ አልነበረም። አንጓች ግን ፈተናውን ወደቀች። የቀረችው ጥቂት ሣር ለሁለት አልበቃ ስትል፣ እናቷ ሣሩን ለልጇ ትታ፣ ዞራ ዞራ እያየች፣ ከመንጋው ጋር ተሻገረች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እናቲቱ ከማዶ ታናፋለች። አንጓችም ጆሮዎቿን ወደ ድምፁ አቅንታ ታዳምጣለች፤ ድምፁ ካለቀም በኋላ ሳታጥፋቸው ትቆያለች። የናፈቃት የማዶው ልምላሜ አልነበረም፤ ከእናቷ አንገት ሥር ተወትፋ የምታድርበት ያ ሙቀት ነበር።

የዱካ መምህሩ፣ ነጭና ጥቁር ጸጉራቸው ካባ የደረቡ የሚያስመስላቸው የኔታ ጉሬዛ ነበሩ። በሰንበሌጥ አንድ ዱካ እያመለከቱ ደቀ መዛሙርቱን ይጠይቃሉ።

«ማን ነው?»

«ጅብ!» ይላሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ።

«መጣ ወይስ ሄደ?»

«ሄደ!»

«አንቺስ፣ አንጓች?»

አንጓች ዱካውን አተኩራ አየችው። ጣቶቹ ወደ ወንዙ አመለከቱ፤ ዓይኗን ስታርገበግብ ወደ ዱሩ ዞሩ።

«መጣ... አይ፣ ሄደ... መጣ፣ የኔታ።»

«እንግዲያ በልቶሻል፤ ነፍስ ይማር!» አለ የጦጣ ልጅ። ጉባኤው በሳቅ ተናወጠ።

«አህያ!» አለች ደግሞ የድኩላ ግልገል።

«ነኝ እኮ! ስድብ ካማረሽ ሌላ ፈልጊ» ብላ አንጓችም አብራ ሳቀች። ሳቁ ግን ከጥርሷ አላለፈም።

«ስንፍና ነው!» አሉ የኔታ። «ብታተኩሪ ኖሮ ይታይሽ ነበር።» ይህንም ብለው ወደሚቀጥለው ዱካ አለፉ።

የፈተናው ወራት ዳግም ሲቃረብ፣ አንጓች ከወንዙ ዳር ቆማ ማዶውን ስትመለከት ቀበሮ ጅራቱን እያወዛወዘ ቀረባት።

«የኔ እኅት፣ ምነው እንዲህ ከሳሽ?»

«እናቴ ናፍቃኝ።»

«እኔ እያለሁልሽ! ፈተናው ላይ ከቁጥቋጦው ሥር እደበቃለሁ። ከሳልኩ ‹ሄደ› በዪ፤ ካስነጠስኩ ‹መጣ›። ማን ያውቅብሻል?»

«አንተስ ምን ታገኛለህ?»

«እንዲያው ለነፍሴ ነው።»

አንጓች ነገሩ ማታለል መሆኑን አላጣችውም። ነገር ግን ማዶው ዳገት ላይ ግራጫ ጀርባዎች ሲንቀሳቀሱ ታያት፤ ከእነዚያ አንዱ የእናቷ ይሆናል። «እሺ» ልትል አፏን ስትከፍት፣ ከሸምበቆው ውስጥ አንድ ጎርናና ድምፅ ቀደማት።

«አያ ቀበሮ፣ እሺ አለች? ከተሻገረች ጆሮዋ የእኔ ነው ብለኸኛል፤ ኋላ እንዳትክደኝ!»

«ዝም በል፣ አንተ ሆዳም!»

«ኧረ ዝም ብያለሁ!» አለ ጅብ ቅር ተሰኝቶ። «ይኸው እስካሁን ዝም ብዬ አይደል የተቀመጥኩት?»

አንጓች በርራ የኔታ ዘንድ ደረሰች።

«የኔታ፣ ይምቱኝ። ላታልልዎት ነበር» አለችና የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው።

የኔታ ለተግሣጽ ያነሡት እጃቸው አየር ላይ ቀረ። በእንዲህ ያለ ናፍቆት የምትቃጠል ልጅ ሰንፋ ነው ብሎ ማመን ከበዳቸው። ከፊቷም ዝቅ ብለው ተቀመጡና፣ እስከዚያ ቀን ማንም ጠይቋት የማያውቀውን ጠየቋት።

«እስቲ ልጄ፣ ዱካው ላንቺ ምን ይመስልሻል?»

«አይቆምልኝም፣ የኔታ። ያዝኩት ስል ይዞርብኛል። ለሌሎቹ ቆሞላቸው ነው መሰለኝ የሚስቁብኝ።»

የኔታ ከአሸዋው ላይ አንድ የጅብ ዱካ ፈልገው አሳዩዋት። ከዚያም ጣቱንና ተረከዙን በሰንበሌጥ እየለዩ፣ በዝግታ አስረዷት።

«አሁንስ ገባሽ?»

«አልገባኝም» አለች አንጓች አንገቷን ደፍታ። ቀና ብላም፣ «እሱ ካልገባኝ እኔ ልግባበት?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ውስጡ ልግባ። በኮቴዬ ልየው።»

ኮቴዋን ከዱካው ውስጥ አኑራ ዓይኗን ጨፈነች። በአንደኛው ወገን አሸዋው ጎድጉዶ ተሰማት፤ አውሬው ሲራመድ በጣቶቹ የቆፈረው ነበር። ጉድጓዱ አልዞረም። ከኮቴዋ ሥር ጸጥ ብሎ ቆመላት።

«ወደ ዱሩ ነው፣ የኔታ... ሄደ!»

የኔታ ሰንበሌጡን ጣሉት። «ሰንፌ የኖርኩት እኔ ነኝ፣ ልጄ» አሉ፤ ከዚያ ወዲያም በየቀኑ ከአሸዋው ላይ አብረዋት ዱካ ይረግጡ ጀመር።

ፈተናው ደረሰ። አያ አንበሶ በድንጋዩ ዙፋን ላይ ተሰይሟል። አንጓች ከመጀመሪያው ዱካ ደርሳ ዓይኗን ስትጨፍን፣ ቀበሮ ከቁጥቋጦው ሥር ዘሎ ወጣ።

«ንጉሥ ሆይ፣ ይህ ወግ አይደለም! ዱካ የሚነበበው በዓይን ነው!»

«ሕጉ ‹ያንብብ› ይላል እንጂ በምን እንደሚያነብ አይልም» አሉ የኔታ።

አያ አንበሶ ጎፈሩን ነሰነሰ። «እኔ የምሻው በሰላም የሚሻገር ልጅ ነው። ቀጥዪ።»

አንጓች ቀጠለች። ከሌሎቹ እጅግ ዘገየች፤ የጦጣው ልጅ እስኪያዛጋ ድረስ ዘገየች። በአንዱ ዱካ ተሳስታ፣ ተመልሳ ረግጣ አረመችው። ከመጨረሻው ስትደርስ ግን ጆሮዎቿ ቆሙ።

«አያ ጅቦ ነው። መጥቷል፤ ሲሄድ ግን አላገኘሁትም።»

የሁሉም ዓይን ወደ ሸምበቆው ዞረ።

«እኔ የለሁም!» አለ ጅብ ከውስጥ። «አያ ቀበሮ፣ የለም በላቸው እንጂ!» ቀበሮው ግን ቀድሞ ፈርጥጦ ነበርና፣ ጅብ ሸምበቆውን እየሰባበረ ተከተለው።

«ሂጂ፣ ልጄ» አለ አያ አንበሶ።

አንጓች ወንዙን ተሻገረች። ከማዶው አሸዋ ስትወጣ ማንም አልጠበቃትም። ዝቅ ብላ ስታይ ግን አሸዋው በአህያ ኮቴ ተረጋግጦ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቦ አገኘችው። ዓይኗን ጨፍና አንድ በአንድ ትረግጠው ጀመር። መጣች፤ ሄደች። መጣች፤ ሄደች። እናቷ እስከ ውኃው አፋፍ ያልወረደችበት፣ ባዶዋንም ያልተመለሰችበት ቀን እንዳልነበረ ኮቴዋ ነገራት። ከዳር ያለው ዱካ ከሁሉ የጠለቀ ነበር፤ ውኃው ገና እየሰረገ ይገባበታል፤ ወደ ዳገቱ ያመለክታል። አንጓች ዓይኗን ገልጣ ወደዚያው ሮጠች።

ከዚህ የምንማረው፣ መማር የከበደውን ልጅ «ሰነፍ» ብለን ከማለፋችን በፊት፣ ነገሩ ለእርሱ እንዴት እንደሚታየው ዝቅ ብለን ልንጠይቀውና እርሱ የሚማርበትን መንገድ አብረነው ልንፈልግ እንደሚገባን ነው።