ባላምባራስን የከሰሰች ምንጭ

ልጆች፣ ተረት ልነግራችሁ ነው። የምነግራችሁ አንድ ጊዜ ነው፤ ጆሮ ያለው ይስማ።

ድሮ ድሮ፣ ሰው በአደባባይ በሚሟገትበት ዘመን፣ ከአንድ ኮረብታ እግር የምትፈልቅ ምንጭ ነበረች። ከበላይዋ ዋንዛ፣ ወይራና ጥድ ነበሩ። አገሩ ከሷ ይጠጣል። ከብቱም ከሷ ይጠጣል። ንቡም ከሷ ይጠጣል።

በዚያ አገር ባላምባራስ ይመኑ የሚባል ባለጸጋ ነበር። ኮረብታው ርስቱ ነው። እልፍኝ አለው፤ አነሰኝ ብሎ ሌላ ሊሠራ ተነሣ።

ለበሩ ዋንዛውን ቆረጠ። ጎረቤቶቹ፣ "ባላምባራስ፣ ምንጯን ያደርቋታል" አሉት።

"ዋንዛው ጮኸ እንዴ?" አላቸው። ምንጯ እንደ ክንድ ቀጠነች።

ለምሰሶው ወይራውን ቆረጠ። ለመኑት። "ወይራው አለቀሰ እንዴ?" አላቸው። ምንጯ እንደ ጣት ቀጠነች።

ለጣሪያው ጥዱን ቆረጠ። "ጥዱ ከሰሰኝ እንዴ?" አላቸው። ምንጯ ጠብ ጠብ ማለት ብቻ ቀራት።

ማንጠግቦሽ የምትባል ባሏ የሞተባት ገበሬ ነበረች። ያለቻት አንዲት ጊደር በጥም ልትሞትባት ሆነ። ተነሥታ ዳኛ ክንፉ ዘንድ ሄደች። ባላምባራስም ተጠርቶ መጣ።

ዳኛው ጠየቃት። "ዛፎቹ ያንቺ ናቸው?"

"አይደሉም፣ ጌታዬ።"

"ኮረብታው ያንቺ ነው?"

"አይደለም።"

"ምንጯስ?"

"ምንጯ የኔ አይደለችም። እኔ ነኝ የሷ።"

"እንግዲያ ከሳሽ የለም" አለ ዳኛው።

ባላምባራስ ከት ብሎ ሳቀ። "ከፈለገች ምንጯ ራሷ ትክሰሰኝ! ከሷ ጋር እሟገታለሁ!"

ማንጠግቦሽ እመር ብላ ቆመች። "ጌታዬ፣ ቃላቸውን ይያዙልኝ። ከሳሻቸውን በአፋቸው ተቀብለዋል። ሕፃን ሲበደል ሞግዚት ይቆምለታል። ድዳ ሲበደል ነገረ ፈጅ ይቆምለታል። ለምንጯ እኔ እቆማለሁ።"

ዳኛው በችሎቱ አብረውት የተቀመጡትን ሽማግሌዎች አየ። "በአደባባይ የወጣ ቃል አይመለስም" አሉ ሽማግሌዎቹ።

የዚያን ጊዜ ሥርዓቱ እንዲህ ነበር። ፍርድ እስኪሰጥ ከሳሽና ተከሳሽ በልብሳቸው ጫፍ ይቆራኛሉ። አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ተከሳሽ የሚጠጣው ከሳሹ ካለው ውኃ ብቻ ነው። ቋጠሮውን የፈታ ተረታ።

"ከሳሽ እግር የላትም፤ ተከሳሽ ይሂድላት" አለ ዳኛው። "በሦስተኛው ቀን ችሎቱ ከሷ ዘንድ ይቀመጣል።"

የባላምባራስን ጋቢ ጫፍ ከምንጯ አጠገብ ካለ ጉቶ ጋር ቋጠሩት።

በመጀመሪያው ቀን አንድ ዋንጫ ውኃ ለመሙላት ግማሽ ቀን ፈጀበት። "ይህም ሙግት ሆነና!" እያለ ፎከረ።

በሁለተኛው ቀን ፀሐይ አናቱን መታችው። ማንጠግቦሽ ከምንጯ ዳር ተቀምጣለች። "አንቺ ማንጠግቦሽ፣ እዚህ ጥላ የለም?"

"አለ እንጂ፣ ባላምባራስ። እልፍኝዎ ጣሪያ ላይ ነው።"

በሦስተኛው ቀን ሴቶች እንስራ ይዘው ተሰለፉ። ከመካከላቸው የገዛ ልጁ ዘርፌ ነበረች። "አባባ፣ ፈቀቅ ይበሉልኝ፤ ተራዬ ነው" አለችው። እንስራዋን ደቀነች። ፀሐይ ዞረች። የእንስራው ሆድ እንኳ በቅጡ አልረጠበም። ባላምባራስ አንገቱን ደፋ።

ዳኛው መጥቶ ተቀመጠ። "ከሳሽ፣ ቃልሽን ስጪ" አለ።

ማንጠግቦሽ በእጇ ወደ ምንጯ አመለከተች። ሰው ሁሉ አዳመጠ። ጠብ። ቆየና፣ ጠብ።

"በቃ!" አለ ባላምባራስ፣ ከንፈሩ ደርቆ። "እኔው ልናገርላት። በድያታለሁ።"

ዳኛው ፈረደ። "ካሣው የማንጠግቦሽ አይደለም። የኔም አይደለም። የምንጯ ነው። ኮረብታው ከዛሬ ጀምሮ የሷ ርስት ይሁን። ባላምባራስ በቆረጠው በአንዱ ፈንታ ሦስት ይትከል፤ ሰው በጥላቸው እስኪያርፍ ድረስም ይጠብቃቸው። በርስቷ ምሳር ያነሣ፣ የሰው ርስት እንደ ደፈረ ይቀጣ።"

ባላምባራስ ተከለ። ከሩቅ ወንዝ ውኃ በራሱ ጀርባ እየተሸከመ አጠጣ። ብዙ ክረምት አለፈ። ችግኙ ጸደቀ። ምንጯ እንደ ጣት ወፈረች። ቆየችና እንደ ክንድ ወፈረች።

ይህን የሰሙ የቆላ ሰዎች ወደ ማንጠግቦሽ መጡ። "እኛም ወንዛችን ተበደለብን። ወንዝ እንዴት ነው የሚከሰው?" አሏት።

"መጀመሪያ የሚቆምለት ሰው ፈልጉ" አለቻቸው።

ከመካከላቸው ሦስት ሰዎች እጃቸውን አነሡ።

ተረቱ ይህ ነው። እኔ ከአባቴ ተቀበልሁ፤ እናንተ ከኔ ተቀበሉ። አፍ የሌለው፣ ዳኛ አይጣ።