ያልጎደለው አሞሌ

ተረቴን ይዤ መጣሁ፤ ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል።

የአንድ አገር እንስሳት ሣር ቢጠፋባቸው የሚሸጥላቸው ከተራራው ማዶ ያለው ዝሆን ብቻ ነበር። እሱ ደግሞ ከአሞሌ ጨው በቀር ምንም አይቀበልም። ስለዚህ ለክፉ ቀን ብለው አሞሌ በዋሻ አከማቹ። ጨው ከፍየል አብልጦ የሚያውቅ ስላልተገኘ ፍየል ጠባቂ ሆና ተሾመች።

በየዓመቱ ስብሰባ ላይ አህያ፣ «እሜቴ ፍየል፣ ጨዋችን እንዴት ከረመ?» ብላ ትጠይቃለች።

«አንድም አሞሌ አልጎደለም» ትላለች ፍየል፣ ከንፈሯን እየላሰች። ሁሉም በሰኮናው ያጨበጭባል።

አንድ ዓመት ድርቅ ገባ። አህያ አሞሌውን በሙሉ ተጭና፣ «ሸክሙ እንዴት ይቀላል!» እያለች ደስ ብሏት ተራራውን ወጣች። ዝሆን አንዱን በኩምቢው አንስቶ ቢያየው ፀሐይ በውስጡ ታየችው።

«ይሄማ የጨው ልጣጭ ነው፤ ውሰጂልኝ» ብሎ መለሳት።

የተራቡት እንስሳት ፍየልን ከበቧት።

«እስቲ ቁጠሩት፣ አንድ ጎድሏል?» አለች።

ቆጠሩት፤ አልጎደለም።

«ታዲያ ምን ሆናችሁ ነው?»

ቢሆንም ነገሩ ይጣራ ተባለና ሐቀኛው በሬ መርማሪ ሆነ። በሬ አሞሌው ወደተመለሰበት ዋሻ ገባ፤ አንዱን አሞሌ ፊቱ አስቀመጠ፤ በጥሞና ዓይኑን ጨፈነ፤ ከዚያም ምላሱን አወጣ።